የሁለት ካርቡራተሮች ሚዛንና የደጋው አየር

አንድ ባለ ሞተር ብስክሌት ወደ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «ሞተሬ ቤንዚን ያበዛል፤ ዳገት ላይ ይደክማል፤ ቆሞ ሲሠራም ይንቀጠቀጣል» ብሎ ቢናገር ባለሱቁ ምን ዕቃ ሊሸጥለት ይገባል? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን በዚህ በአንዱ አቤቱታ ውስጥ ምክንያታቸው ፈጽሞ የተለያየ ሁለት ጉድለቶች ተደባልቀው ሊገኙ ይችላሉ። አንደኛው ከአገሩ ከፍታ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ከመሣሪያው እርጅና የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው የሚታረመው አነስተኛ ዋጋ ያለውን አንድ ዕቃ በመለወጥ ነው፤ ሁለተኛው የሚታረመው ሁለቱን ካርቡራተሮች እኩል እንዲሠሩ በማመጣጠን ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት የደንበኛውን ገንዘብ ያባክናል፤ ሞተሩን ይጎዳል፤ በመጨረሻም ዕቃውን የሸጠውን ነጋዴ ስም ያጠፋል።

ይህ ጉዳይ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙትን የቢቸናንና የሞጣን ከተሞች ይልቁን ይመለከታል። የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ቢቸና ከባሕር ወለል በላይ 2,540 ሜትር ያህል፣ በሁለት እጁ እነሴ የምትገኘው ሞጣም 2,490 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ምድር ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ ሁለቱን ከተሞች ያገናኛል። ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል ወደዚህ ደጋ የሚመጣ ሰው ግን አስቀድሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድና እንደገና መውጣት ግዴታው ነው። ስለዚህ በዚህ መስመር የሚመላለስ ሞተር በአንድ ቀን ውስጥ የደጋንም የቆላንም አየር ይተነፍሳል።

የካርቡራተር ሥራ

ካርቡራተር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። ሞተሩ በሚስብበት ጊዜ አየር በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ በፍጥነት ያልፋል። በዚያ ስፍራ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ከታች ካለችው ትንሽ ገንዳ ቤንዚን እየተሳበ ወጥቶ ከሚያልፈው አየር ጋር ይቀላቀላል። የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ጄት የሚባለው ነው፤ ይኸውም መካከሉ በቀጭኑ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ነው። የአየሩን መጠን የሚወስነው ደግሞ ነጂው የቤንዚን መስጫውን እጀታ ሲያዞር በሽቦ ተስቦ የሚከፈተው መዝጊያ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ይቃጠል ዘንድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል።

በክፍለ ሀገር ከተሞች የሚሠሩት ሞተር ብስክሌቶችና ባለ ሦስት እግር ባጃጆች አብዛኛዎቹ አንድ ሲሊንደርና አንድ ካርቡራተር ብቻ ያላቸው ናቸው። በእነዚህ ላይ የማመጣጠን ሥራ የለም። ከቀድሞዎቹ ታላላቅ ሞተር ብስክሌቶች መካከል ግን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ካርቡራተር የተሰጣቸው ብዙዎች ናቸው። የእንግሊዙ ትሪያምፍ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 ቦንቪል የተባለውን ሞተር ብስክሌት ሲያወጣ ሁለት የአማል ካርቡራተሮች ገጥሞለት ነበር። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ በ1960 ያወጣው አር 69 ኤስ በሁለት የቢንግ ካርቡራተሮች ይሠራል። የጃፓኑ ሆንዳ በ1965 ባወጣው ሲ ቢ 450 ላይ ሁለት፣ በ1969 ባወጣው ሲ ቢ 750 ላይ ደግሞ አራት የኬሂን ካርቡራተሮች አኑሯል። እነዚህ ሞተሮች ዛሬ እንደ ቅርስ የሚጠበቁ ናቸው፤ ለብዙዎቹም መለዋወጫ አሁንም ተሠርቶ ይሸጣል።

ሁለት ካርቡራተር ያለው ሞተር በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመደ ጥንድ በሬ ነው። አንደኛው በሬ ሲጎትት ሁለተኛው ቢለግም ሞፈሩ ይጣመማል፣ ትልሙ ይበላሻል፣ የሚጎትተውም በሬ ከጊዜው አስቀድሞ ይደክማል። በሞተርም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች አንድ ዘንግ ያዞራሉ። የአንደኛው መዝጊያ ከሁለተኛው በጥቂቱ እንኳ አልፎ ከተከፈተ፣ ብዙ አየር የሚስበው ሲሊንደር የሌላውን ሸክም ጭምር ይሸከማል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ሲሊንደር ከሌላው አብልጦ ይሞቃል፣ ቤንዚንም ያለ ጥቅም ይጠፋል። ካርቡራተሮችን ማመጣጠን ማለት ሁለቱ መዝጊያዎች በአንድ ጊዜና በአንድ ልክ እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ማድረግ ነው።

ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

አብዛኛው የውጭ አገር ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በጅቡቲ ወደብ፣ ማለት በባሕር ወለል ላይ በሚገኝ ስፍራ ነው። ፋብሪካዎችም የካርቡራተርን ልክ የሚወስኑት በአመዛኙ ለዝቅተኛ አገር አየር ነው። በዓለም አቀፍ መደበኛ ስሌት መሠረት የአየር ግፊት በባሕር ወለል 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 674፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ወደ 560 ይወርዳል። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገኘው አየር ክብደትም በባሕር ወለል 1,225 ግራም፣ በ1,000 ሜትር 1,112 ግራም፣ በ2,500 ሜትር 957 ግራም ያህል ነው።

ይህም ማለት በቢቸናና በሞጣ አንድ ሲሊንደር ሞልቶ የሚስበው አየር፣ በጅቡቲ ከሚስበው ጋር ሲነጻጸር በክብደት 78 በመቶ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገሮች ይሆናሉ። አንደኛ፣ የሞተሩ ኀይል ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ይህን ጉድለት የትኛውም የካርቡራተር ማስተካከል ሊመልሰው አይችልም። ሁለተኛ፣ አየሩ ሲሳሳ በጄቱ የሚወጣው ቤንዚን ልክ በዚያው መጠን አይቀንስም። የአየሩ ክብደት በ22 በመቶ ሲወርድ የቤንዚኑ መጠን የሚወርደው በ12 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ቤንዚኑ ለአየሩ ከሚያስፈልገው በ13 በመቶ ያህል ይበዛል። በወደብ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር የነበረው ድብልቅ በደጋው ላይ ወደ 13 ኪሎ አየር ይወርዳል ማለት ነው። ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ማርሚታው ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ሳይቃጠል የቀረውም ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ፒስተኑን ያስበላል።

የዚህ ጉድለት መድኃኒት ጠበብ ያለ ጄት መግጠም ነው። የተረፈው ቤንዚን ዋጋም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ቤንዚን በሙሉ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ስለሆነ፣ ላኪው በቡናና በሰሊጥ ያገኘው ገንዘብ በማርሚታ ጢስ ሆኖ እንዲወጣ መፍቀድ የባለ ሞተሩ ብቻ ኪሳራ አይደለም።

ሁለቱን ጉድለቶች ለይቶ ማወቅ

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነገር በጥብቅ ሊታወቅ ይገባል። ከፍታ ሁለቱንም ካርቡራተሮች እኩል ይነካል። ግራውም ቀኙም የሚተነፍሱት ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ፣ በወደብ እኩል ተመጣጥነው የነበሩ ሁለት ካርቡራተሮች ቢቸና ሲደርሱም በደህና ከተያዙ እንደ ተመጣጠኑ ናቸው። ሚዛናቸውን የሚያበላሸው የሽቦ መርዘም፣ የመዝጊያ መበላት፣ የላስቲክ መሰንጠቅ፣ የብሎን መላላት ወይም የአንደኛው ጄት በቆሻሻ መደፈን ነው። በአጭሩ፣ የከፍታ ጉድለት በሁለቱም ጐን እኩል ይታያል፤ የሚዛን ጉድለት ግን በአንድ ጐን ይበረታል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረገው ሁለቱን ካንዴላዎች ፈትቶ ጐን ለጐን ማየት ነው። ሞተሩ መንገድ ላይ በጭነት ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሠራ በኋላ ይጠፋና ካንዴላዎቹ ይወጣሉ። ሁለቱም እኩል የጠቆሩ እንደ ሆነ ምክንያቱ በሁለቱም ላይ የጋራ ነው፤ ይኸውም ለደጋው የሰፋ ጄት ወይም የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ነው። አንዱ ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ ወይም ደህና ቡናማ መልክ ይዞ ከተገኘ ግን ጉድለቱ የአንድ ጐን ነው። በዚህ ጊዜ ጄት መለወጥ ችግሩን ከመሸፈን በቀር ሌላ ጥቅም አይሰጥም።

በየጋራዡ ሊደርስ የሚችለው ትልቁ ስሕተት እነዚህን ሁለቱን ማደባለቅ ነው። መካኒኩ ከደጋው አየር የመጣውን ጥቁር ጢስ ለማጥፋት ሲል የአንዱን ካርቡራተር ብሎን ያዞራል፤ ጢሱ በዚያ በኩል ይቀንሳል፤ ሚዛኑ ግን ይፈርሳል። ሞተሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሁለተኛውን ብሎን ያዞራል። በዚህ ዐይነት ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ሞተሩ ፋብሪካው ከሰጠው ልክ ፈጽሞ ይርቅና መነሻውን ለማግኘት እንኳ አስቸጋሪ ይሆናል።

የማመጣጠኑ ሥራ በቅደም ተከተል

ካርቡራተሮችን ማመጣጠን የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። አስቀድሞ የቫልቮቹ ክፍተት በፋብሪካው ልክ ይሁን፤ ካንዴላዎቹ ንጹሓንና አንድ ዐይነት ይሁኑ፤ የእሳቱ ጊዜ ይመርመር፤ የሁለቱ ሲሊንደሮች የመጭመቅ ኀይል ይመዘን። የአንደኛው ሲሊንደር መጭመቅ ከደከመ ካርቡራተር ሊያድነው አይችልም። ቀጥሎ የሁለቱ ካርቡራተሮች ገንዳ ይታጠብ፤ የተንሳፋፊዎቹ ከፍታ እኩል ይሁን፤ ጄቶቹም በቤንዚንና በአየር ግፊት ይጽዱ። ጄትን በብረት ሽቦ መጎርጎር ቀዳዳውን ስለሚያሰፋው ፈጽሞ ክልክል ነው። በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ላስቲክ ወይም ጓርኒሲዮን ከተሰነጠቀ በዚያ በኩል ያልተመዘነ አየር ይገባል። ይህን ለማወቅ በሚሠራ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ለእሳት አደጋ ስለሚያጋልጥ አይገባም፤ የሳሙና ውኃ በቂ ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ የመጀመሪያው ማመጣጠን ይደረጋል። የአየር ማጣሪያው ይነሣና ውፍረታቸው ፍጹም እኩል የሆነ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች፣ ለምሳሌ የሁለት ባለ 3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያዎች እጀታ፣ በሁለቱ ተንሸራታች መዝጊያዎች ሥር ይገባሉ። የቤንዚን መስጫው እጀታ በዝግታ ሲዞር ሁለቱ ዘንጎች በአንድ ጊዜ መላላት አለባቸው። አንዱ ቀድሞ ከላላ የዚያ በኩል ሽቦ ይላላል ወይም የሌላው ይጠብቃል። በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚሆን ነጻ እንቅስቃሴ መቅረት አለበት። ይህ ካልሆነ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በታጠፈ ቁጥር ሽቦው ተስቦ የሞተሩ ዙር ይለወጣል።

ሁለተኛው ማመጣጠን ሞተሩ ሞቆ በሚሠራበት ጊዜ የሚደረግ ነው። ሥራው በተዘጋ ቤት ውስጥ መሆን የለበትም፤ ከማርሚታ የሚወጣው ጢስ ሽታ የሌለውን ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟልና። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተርም ቆሞ ብዙ ደቂቃ ከሠራ ከልክ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ከፊቱ የአየር ማራገቢያ ይቁም፤ ወይም በየጥቂት ደቂቃው ሞተሩ ይጥፋና ይቀዝቅዝ።

በብዙ ካርቡራተሮች ወይም በመግቢያ ቱቦአቸው ላይ የመሳብን ኀይል ለመለካት የተዘጋጀ ትንሽ ቀዳዳ አለ። በዚህ ላይ የሚሰካው ባለ ሰዓት መለኪያ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። እርሱ ባይገኝ በብዙ አገር የሚሠራበት ርካሽ ዘዴ አለ። አምስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ተወስዶ መካከሉ ወደ ታች እንደ ቀለበት ተጥፎ በእንጨት ላይ ይታሰራል። በታችኛው መታጠፊያ ጥቂት ዘይት ይጨመርበትና ሁለቱ ጫፎች በሁለቱ ቀዳዳዎች ላይ ይሰካሉ። ሁለቱ ሲሊንደሮች እኩል ሲስቡ ዘይቱ በሁለቱም ክንድ እኩል ይቆማል። አንዱ ከበረታ ግን ዘይቱ ወደዚያ በኩል ከፍ ይላል። የአንድ ሚሊሜትር ሜርኩሪ ልዩነት በዘይት ላይ 15 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ ስለሚታይ ይህ ቀላል መሣሪያ እጅግ ስሱ ነው። ስለዚሁም ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የዘንጉ ማመጣጠን መቅደም አለበት፤ ያለዚያ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ሊሳብ ይችላል። ለሁለት ምት ሞተር የሚሆነው ዘይት ቢሳብም ያለ ጉዳት ስለሚቃጠል ለዚህ ሥራ የተመረጠ ነው። ሜርኩሪ ግን መርዝ ስለሆነ ለዚህ ዓላማ መጠቀም አይገባም።

ዘይቱ ከፍ ያለበት በኩል አብልጦ የሚስበው መዝጊያው ከሌላው ይልቅ ስለ ጠበበ ነው። ስለዚህ የዚያ ካርቡራተር መዝጊያ በማስተካከያው ብሎን በጥቂቱ ይከፈታል፤ ወይም የሌላው በጥቂቱ ይዘጋል። ይህ በቅድሚያ በሚኒሞ፣ ማለት ሞተሩ እጀታው ሳይነካ በዝግታ በሚዞርበት ልክ ይደረጋል፤ ይኸውም በአሮጌዎቹ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ብዙ ጊዜ በደቂቃ 1,000 ዙር አካባቢ ነው። ቀጥሎ እጀታው በጥቂቱ ተከፍቶ ሽቦዎቹ እኩል መሳባቸው እንደገና ይታያል። በሚኒሞ ተመጣጥኖ ሲከፈት የሚለያይ ሞተር ጉድለቱ ከሽቦው ነው።

እዚህ ላይ የደጋ መካኒክ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው የመሳብ ኀይል ቁጥር በደጋ ላይ አይገኝም፤ በውጭ ያለው የአየር ግፊት ራሱ ዝቅ ስላለ ባለ ሰዓቱ መለኪያ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ይህ የሞተሩ ብልሽት አይደለም። የሚፈለገው በመጽሐፉ ያለው ቁጥር ሳይሆን የሁለቱ መለኪያዎች እኩልነት ነው።

የመለኪያ ቀዳዳ በሌላቸው አሮጌ ካርቡራተሮች ላይ የዘንጉ ዘዴ ከተፈጸመ በኋላ በእያንዳንዱ ማርሚታ ጫፍ እጅን በርቀት አቅርቦ የጢሱን ምት ማነጻጸር ይቻላል። ሞተሩ ሲነሣ የትኛው ቱቦ ቀድሞ እንደሚሞቅ ማስተዋልም ይረዳል። መዝጊያቸው በስስ ላስቲክና በመሳብ ኀይል የሚነሣ ካርቡራተሮች ደግሞ ለብቻቸው ይታያሉ። የአንደኛው ላስቲክ ከተቀደደ ያ ሲሊንደር እጀታው ሲከፈት ይለግማል፤ ይህንም ከመለወጥ በቀር የትኛውም ብሎን አያድነውም።

የዓባይ ሸለቆ ፈተና

የማመጣጠን ጉዳይ ከምቾት ያለፈ መሆኑ የሚታወቀው ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ዓባይ ድልድይ ሲደርስ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ ይወርዳል። ከዚያ እንደገና 1,400 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ለ2,500 ሜትር ተብሎ ጠባብ ጄት የተገጠመለት ሞተር ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ የሚስበው አየር ክብደት በ16 በመቶ ይጨምራል፤ በዚህም ምክንያት ቤንዚኑ ለአየሩ ከሚያስፈልገው በ7 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ በጭነት ላይ ሞተሩን ያግላል። ይህ የሚሆነውም በሸለቆው ሙቀት፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሙሉ ኀይል በሚጠየቅበት በዳገቱ መጀመሪያ ላይ ነው።

ሁለቱ ካርቡራተሮች የተመጣጠኑ ከሆኑ ሙቀቱን ሁለቱ ሲሊንደሮች ይካፈሉታል። ያልተመጣጠኑ ከሆኑ ግን አብዛኛውን ሸክም የያዘው አንዱ ሲሊንደር ከሌላው ቀድሞ ይግላል። ቫልቩ ሊቃጠል፣ ፒስተኑም ሊጣበቅ ወይም ሊበሳ ይችላል። በሜዳ ላይ መንቀጥቀጥ ብቻ ሆኖ የታየው ትንሽ ጉድለት በዳገቱ ላይ የሙሉ ሞተር ጥገና ዋጋ ያስከፍላል። ከዚህም በላይ ነጂውን ከከተማ ርቆ በገደል መንገድ ላይ ያቆመዋል።

ስለዚህ በቢቸናና በሞጣ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ሞተር ለደጋው የተሰላውን ጄት ሊይዝ ይችላል። ሸለቆውን እየተሻገረ የሚመላለሰው ግን ከስሌቱ አንድ ደረጃ ሰፋ ያለውን ቢይዝ ይሻላል። በደጋው ላይ ጥቂት ቤንዚን ማትረፍ በሸለቆው ፒስተን ከመክሰር አይበልጥም። ወደ ቆላ አገር ለዘለቄታው የሚሄድ ሞተር የፋብሪካውን ጄት መልሶ መግጠም አለበት።

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

ጄት በሚታዘዝበት ጊዜ በላዩ የተጻፈው ቁጥር በሁሉም ፋብሪካ አንድ ትርጉም የለውም። በቢንግና በኬሂን ጄቶች ላይ ቁጥሩ የቀዳዳውን ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር ያመለክታል፤ ስለዚህ 150 የተጻፈበት የቢንግ ጄት 1.50 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለው። የአማል ጄት ቁጥር ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያልፈውን ፈሳሽ በሲሲ የሚናገር ነው። ሚኩኒ ሁለቱንም ዐይነት ይሠራል፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ራስ ያለው ትልቁ ጄት በሚያልፈው ፈሳሽ፣ ክብ ራስ ያለው በቀዳዳው ስፋት ይቆጠራል። ስለሆነም «ባለ 150 ጄት ስጠኝ» ለሚል ደንበኛ የካርቡራተሩን ሥራ ሳይጠይቁ መሸጥ ስሕተት ነው።

ለ2,500 ሜትር ከፍታ የመነሻ ግምቱም በዚሁ ይለያያል። ቁጥሩ ስፋት ከሆነ በ6 በመቶ ያህል፣ የሚያልፍ ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ በ12 በመቶ ያህል ይቀነሳል። የ150 የቢንግ ጄት ወደ 140፣ የ200 የአማል ጄት ወደ 180 ይወርዳል ማለት ነው። ይህ መነሻ ነው፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው የካንዴላው መልክ ነው። የሚኒሞው ድብልቅ ማስተካከያ ብሎንም በሁሉ አንድ አይደለም። አየርን በሚቆጣጠረው ዐይነት ብሎኑን ወደ ውጭ ማዞር ቤንዚኑን ያሳንሳል፤ ቤንዚንን በሚቆጣጠረው ግን ያበዛል። ሻጩ ይህን ለደንበኛው ቢነግረው ብዙ ድካም ያድነዋል።

ሁለተኛው ምክር ለሁለት ካርቡራተር የሚሆን ዕቃ በጥንድ እንጂ በነጠላ እንዳይሸጥ ነው። አንድ አዲስ ሽቦ ከአሮጌ ጋር፣ አንድ አዲስ መዝጊያ ከተበላው ጋር፣ ወይም የአንድ ፋብሪካ ጄት ከሌላው ጋር ሲገጠም ሚዛኑ በዚያው ዕለት ይፈርሳል። ደንበኛው በነጠላ ገዝቶ ጥቂት ብር ቢያተርፍ ወዲያው ተመልሶ «ዕቃው መጥፎ ነው» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሽቦ፣ የገንዳ ጓርኒሲዮን፣ የተንሳፋፊ መርፌ፣ ስስ ላስቲክና የመግቢያ ላስቲክ ከፋብሪካው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቢታዘዝና በአንድ ፖስታ ቢታሸግ ለሻጩም ለገዢውም ይበጃል። ቀዳዳቸው በትክክል ያልተበሳ አስመሳይ ጄቶች በገበያ ስለሚገኙ፣ አስመጪው ከታወቀ አቅራቢ መግዛቱንና ቁጥሩ በግልጽ የተቀረጸ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ከሞተሩ የወጣው የፋብሪካው ጄት ደግሞ መጣል የለበትም። ባለሱቁ አሮጌዎቹን ጥንድ ጄቶች በትንሽ ፖስታ አድርጎ ቁጥራቸውን፣ የወጡበትን ቀንና በምትካቸው የገባውን ቁጥር ጽፎ ለባለንብረቱ ቢያስረክብ፣ ሞተሩ ወደ ቆላ ሲወርድ ወይም ለሌላ ሰው ሲሸጥ የሚገዛው ሰው ምን እንደ ተለወጠ ያውቃል፤ የሚቀጥለውም መካኒክ ከግምት ሳይሆን ከታወቀ ልክ ተነሥቶ ይሠራል።